የመርዶ ሰፈር

በሺኒሌ ሜዳ፣ በነፋሱ ወራት ሰው አይሞትም። ደንብ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም የያዥ እናት ወይም አባት፣ ባል ወይም ልጅ ቢሞት እንዳልሞተ ይቆጠራል። ይቀበራል፣ ይለቀስለታል፤ ያዡ ግን አይነገረውም። መስከረም ጠብቶ ነፋሱ ሲወድቅ አምባሩ ከእጁ ይፈታል። ምን መርዶ እንደተቀመጠለት የሚያውቀው ያን ዕለት ነው።

ይህን ደንብ ያወጡት አላዋቂዎች አልነበሩም። አላዋቂ እንዲህ ያለ ነገር አያስብም። ያወጡት የተማሩ፣ ቤተሰብ ያላቸው፣ በሰፈራቸው ለቅሶ የሚደርሱ ሰዎች ናቸው። ምክንያትም አላቸው። ከታላቁ ጨለማ በፊት ለአገሩ መብራት የሚሰጡት የነፋስ ተርባይኖች ራሳቸውን በራሳቸው ይቆጣጠሩ ነበር። ሁሉም የሚያስቡት አንድ ዓይነት ስለነበር፣ አንድ ቀን የመብራት መስመሩ አንድ ቦታ ላይ ሲመታ ሁሉም በአንድ ቅጽበት መስመሩን ለቀቁ። አገሩ ጨለመ። በየሆስፒታሉ ስንት ሰው እንደሞተ እስከ ዛሬ በግልጽ አልተነገረም። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ተርባይን በክንድ በሚታሰር አምባር ከአንድ ሰው የልብ ምት ጋር ተሳስሯል። ሰው ከሰው ይለያያል፤ አንዱ ሲደነግጥ ሌላው አይደነግጥም፤ አንዱ ቢለቅ ሌላው ይይዛል። እነዚህን ሰዎች ነው ያዥ የምንላቸው።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ያበላሸው በኋላ የመጣ ጥናት ነው፦ ምንም የማያስጨንቀው ያዥ የተሻለ ይይዛል የሚል። ጥናቱን ተከትሎ የእርጋታ ቢሮ ተቋቋመ። ቢሮው በያዦች መኖሪያ መጀመሪያ ጠብን ከለከለ፤ ቀጥሎ ቁማርን፤ ቀጥሎ እግር ኳስን በቀጥታ ማየት፤ በመጨረሻ ሞትን።

ሞት ተከልክሎ አይቀርም፤ ውጭ ይጠብቃል። ከሜዳው አጥር ባሻገር፣ የውኃ ቦቴው መንገድ በሚታጠፍበት ቦታ፣ በቆርቆሮ ቤቶች የተሞላ መንደር አለ። በካርታ ላይ ስሙ “የእንግዳ ማረፊያ ሁለት” ነው። ሰው የሚያውቀው የመርዶ ሰፈር ብሎ ነው። መርዶ ይዘው የመጡ ዘመዶች ይቀመጡበታል። ለምን አገራቸው ሆነው መስከረምን አይጠብቁም የሚል ሰው ካለ፣ ያ ሰው መርዶ ይዞ አያውቅም። ያልተነገረ ሞት ይዞ ቤቱ የሚተኛ ሰው የለም። ሁሉም የሚፈሩት ደግሞ አምባሩ በሚፈታበት ቀን ቢሮው ቀድሟቸው በድምፅ ማጉያ እንዳይናገር ነው። ስለዚህ ይመጣሉ፣ ሻይ እየሸጡ፣ ፍየል እየጠበቁ፣ እርስ በርስ እየተጽናኑ ወራቱን ይገፋሉ። በዚያ ሰፈር ጥቁር መልበስ ክልክል ነው፤ ያዦች ከሩቅ እንዳያዩ። በዚህ ምክንያት ያን ያህል ሐዘን የተቀመጠበት ቦታ በቀይ፣ በአረንጓዴና በቢጫ ልብስ እንደ ሠርግ ቤት ደምቆ ይታያል።

ብሩክታይት ድንቁ ያዥ ናት፤ የድሬዳዋ ልጅ፣ ከሳቢያን። እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተች ያሳደጋት አባቷ ጋሽ ድንቁ ነው። ጋሽ ድንቁ የባጃጅ መካኒክ ነው። ፀጉሯን የሚሠራላት እሱ ነበር፤ ግሪስ የሚሸት ሹሩባ ይዛ ትምህርት ቤት ስትሄድ ኖራለች። ልጆቹ ሲስቁባት “የሳቁብሽ ሰንሰለታቸው ደርቆ ነው፣ ላኪያቸው ዘይት ልቀባቸው” ይላት ነበር።

የያዥ ቀን ቀላል ነው። ጠዋት አምባሩ ክንዷን ሞቅ አድርጎ ይቀሰቅሳታል። ቢሮው የሚሰጠውን ስኳር የሌለው ሻይ ትጠጣለች። ወደ ተርባይኗ በዝግታ ትሄዳለች፤ መሮጥ አይፈቀድም። ማማው ላይ ወጥታ ብሎኖቹን ታያለች፣ ትወርዳለች፣ ትቀመጣለች። ሥራው መቀመጥ ነው፤ መስመሩ የሆነ ቦታ እስኪመታ ድረስ ልብን አርግቶ መቀመጥ።

ማታ ማታ ከግድግዳው ማጉያ የዘመድ ሰላምታ ይመጣል። “ደህና ነኝ፣ ልጄ። አንቺስ? ሐሳብ አይግባሽ።” ድምፁ የአባቷ ነው። ሰውየው በሕይወት ካለ ራሱ የተናገረው ነው፤ ከሞተ ደግሞ ቢሮው የሚሠራው ነው። ሁለቱ እንዳይለዩ ቢሮው የሕያዋኑንም ሰላምታ ያሳጥራል፤ ሳሉን ያወጣል፣ ስድቡን ያወጣል፣ ቀልዱን ያወጣል። ሐሰቱን እውነት ማስመሰል ሲያቅታቸው እውነቱን ሐሰት አስመሰሉት። ጋሽ ድንቁ በሕይወቱ “ሐሳብ አይግባሽ” ብሎ አያውቅም። ብሩክታይት ግን በየማታው ግድግዳው ሥር ቁጭ ብላ ትሰማው ነበር፤ ሌላ ስለሌላት።

መህዲ የውኃ ቦቴ ሾፌር ነው። እሱም የድሬ ልጅ ነው፤ ከገንደ ቆሬ። ሾፌሮች አምባር የላቸውም፤ አጥሩን አልፈው መውጣትና መግባት የሚችሉት እነሱ ብቻ ናቸው። በድሬ ደንብ የማይሰድብህ ወዳጅህ አይደለም። መህዲ ይህን ደንብ ከየትኛውም የቢሮ ደንብ በላይ ያከብር ነበር። ሁልጊዜ ጠዋት ቦቴውን አቁሞ አንገቱን በመስኮት ያወጣል።

“አንቺ ጦጣ፣ ዛሬም ከዛፍሽ አልወረድሽም?”

“አንተ ግመል፣ ውኃውን መንገድ ላይ ራስህ ጨርሰኸው መጣህ?”

ይህ የጠዋት ሰላምታቸው ነበር። አንድ ቀን እንኳ ተጓድሎ አያውቅም።

በሐምሌ አንድ ጠዋት ቦቴው ቆመ። መህዲ ከመኪናው ወረደ። “እንደምን አደርሽ፣ እህቴ ብሩክታይት?” አለ። መጀመሪያ ሳቀች፤ አዲስ ስድብ የሚያመቻች መስሏት ነበር። እሱ ግን ጀሪካኗን ሞልቶ፣ ተሸክሞ፣ በሯ ድረስ አደረሰላትና አቀርቅሮ ሄደ። አምባሩ ክንዷ ላይ ነዘራት። “እባክዎ ይረጋጉ” አለ ግድግዳው።

በማግስቱም እንዲሁ አደረገ። በሦስተኛው ቀን መንገዱ ላይ ቦቴው ፊት ቆመች። መህዲ ማቆም ግድ ሆነበት።

“ስደበኝ” አለችው።

“ለምን እሰድብሻለሁ? ምን አደረግሽኝ?”

“መህዲ፣ ስደበኝ።”

“አቦ ተይኝ፣ ሥራ አለብኝ።”

“ጦጣ በለኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ መንገዱን እለቅልሃለሁ።”

መህዲ መሪውን ጨብጦ ፊት ለፊት አየ። አፉን ከፈተ፤ የመጀመሪያው ፊደል ወጣ፣ የቀረው አልወጣም።

“ውኃ ልጨምርልሽ?” አላት።

የእርጋታ ቢሮ የማያውቀው ነገር ይህ ነው። ድምፅ መሥራት ይችላል፤ ጥቁር ልብስ መከልከል ይችላል። የዚህ አገር ሰው ግን ሞት ሲያውቅ ይለሰልሳል፤ መለስለሱን የሚሸፍንለት ደንብ ገና አልተጻፈም።

ያን ቀን ብሩክታይት ማማው ላይ ስትወጣ ብሎኖቹን አላየችም። ያዦች በመካከላቸው ያልተጻፈ ስምምነት አላቸው፦ ላይ ሲወጡ ጀርባቸውን ለመርዶ ሰፈር ይሰጣሉ። እሷ ፊቷን አዞረች። የቆርቆሮ ጣሪያዎች፣ የታሰሩ ፍየሎች፣ ውኃ ሊቀዱ የተሰለፉ ባለ ቀለም ልብሶች። ከተሰለፉት መካከል አንዲት ቢጫ የለበሰች ሴት ግራ እግሯን እየጎተተች ወደፊት ተራመደች።

አካሄዷን ለየችው። እትዬ አምሳለ፣ የአባቷ ታናሽ እህት። ብቸኛ ልጇ በታላቁ ጨለማ ጊዜ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ መተንፈሻ ማሽኑ ሲቆም እሱም አብሮ ቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ አምሳለ ጥቁር አውልቃ አታውቅም። ለሠርግ አላወለቀችም፣ ለፋሲካ አላወለቀችም። አሁን ቢጫ ለብሳ፣ የውኃ ሰልፍ ላይ ቆማለች።

ብሩክታይት አላለቀሰችም። አምባሩን ፈርታ አይደለም። ማልቀስ አልቻለችም። የገመቱት ሞት አያስለቅስም፤ ደረት ላይ ቁጭ ይላል እንጂ። ወርዳ ተቀመጠች፤ ማታ ግድግዳው “ደህና ነኝ፣ ልጄ” ሲላት ደግሞ ጆሮዋን በመዳፏ ደፈነች። ድምፁን ጠልታው አይደለም፤ ናፍቃው ነው።

ከዚያ ወዲህ ያሉት ቀናት የናፍቆት ቀናት ሆኑ። አባቷን ናፈቀች፤ ግሪሱን፣ ሳሉን፣ ስድቡን። ከዚያ በላይ ግን መነገሩን ናፈቀች። ጎሕ ሲቀድ በር ላይ የሚቆሙትን ሰዎች፤ ገብተው ዝም ብለው የሚቀመጡትን፤ ማን ይናገር በሚል እርስ በርስ የሚተያዩትን። በሳቢያን ቢሆን ማን ማን እንደሚመጣ ታውቃለች። የጋራዡ ልጆች ይመጣሉ። ከማንም በላይ የምትጮኸው፣ ሙት ዘመድ ሆነ አልሆነ የማይገዳት ጎረቤታቸው ትመጣለች። በልጅነቷ ትስቅባት የነበረችውን ያቺን ሴት እንኳ ናፈቀቻት። ጠዋት ስትነቃ የእግር ኮቴ ይሰማ እንደሆነ ብላ ታዳምጣለች። ነፋስ ነው።

በዚህ መካከል አንድ ከሰዓት በኋላ በአዋሽ በኩል መብረቅ መስመሩን መታው።

መስመር ሲመታ ኃይሉ ይወድቃል፤ ነፋሱ ግን አይወድቅም። ክንፎቹ ጉልበታቸውን የሚያስረክቡበት አጥተው ይፈተለካሉ። ማሽኑ ያዡን ይጠይቃል፤ ልልቀቅ? ጥያቄው በክንድ ገብቶ እስከ ጥርስ የሚሄድ ትኩሳት ነው። መልሱ የሚሰጠው ዓይን ተጨፍኖ ሳይገለጥ ነው። ግትር ብሎ የሚቋቋም ያዥ ይለቃል። የሚጸናው ትንሽ የሚሰጥ፣ ትኩሳቱን በሰውነቱ የሚያሳልፍ፣ መስመሩ እስኪመለስ ጫፉን ብቻ ይዞ የሚቆይ ነው። ብሩክታይት ጫፉን ያዘች። በግራና በቀኟ ያሉት ተርባይኖች ለቀው ክንፋቸውን አጠፉ፤ የነሱም ጫና በእሷ ላይ መጣ። ያዘችው። መስመሩ ተመለሰ።

የሜዳው የእርጋታ ኃላፊ ዶክተር ኅሩይ አስጠርቶ አመሰገናት። ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ይስባል፣ ውኃ ይቀዳል። በዚህ ወቅት እንደሷ የያዘ እንደሌለ ነገራት። እሷ ውኃውን ሳትነካ ቆየች።

“አባቴ ሞቷል” አለችው።

ዶክተሩ ይህን የምታውቅበት መንገድ እንደሌለ በትሕትና ገለጸ። አክስቷን ማየቷን ነገረችው። ስለ ማረፊያ ሁለት እንግዶች መናገር እንደማይፈቀድለት ገለጸ። መህዲን አላነሳችም። ዶክተሩ ትንሽ አሰበና፣ ልጅን እንደሚያስረዳ አባት፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“እሺ፣ ታውቂያለሽ እንበል። ካወቅሽ የኔ መናገር ምን ይጨምርልሻል? መረጃው አለሽ።”

መረጃ። ሰውዬው እናቱ ስትሞት ፍራሽ ላይ ተቀምጦ የሰው ትከሻ ላይ አልቅሶ ያውቃል። ያን ጊዜ መረጃ ደርሶት ነው ያለቀሰው? ይህን ቃል አፉ ላይ ያስቀመጠለት ትምህርት ምን ዓይነት ትምህርት ነው? ሰው እውቀት ሲጨምር አገሩን የሚረሳ ከሆነ፣ መሃይምነት ምን አጠፋና ነው ዘመቻ የሚከፈትበት?

ብሩክታይት አልተቆጣችም። እያወቀች መያዟን አሳየችው። ይዛለች፤ እንግዲያው አምባሩ እጇ ላይ እንዳለ መርዶዋን ያስነግሯት። ዶክተሩ ራሱን ነቀነቀ። የያዘችው እርግጠኛ ስላልሆነች እንደሆነ አብራራ። እርግጠኛ ብትሆን ኖሮ ትለቅ ነበር፤ ስላልለቀቀች እርግጠኛ አይደለችም። እንዲህ ያለ ክርክር በር የለውም። አምባሩን ላውልቅ ካለች ግን መብቷ ነው። ያኔ ተርባይኗ እስከ መስከረም ይቆማል፤ ተርባይኑ የሚያበራው የድሬዳዋን ሆስፒታልና የውኃ ፓምፕ መሆኑን ታውቃለች። “ምርጫው ያንቺ ነው” አላት።

ያን ሆስፒታል ታውቀዋለች። የእትዬ አምሳለ ልጅ የሞተበት ነው። አመስግና ወጣች።

ነሐሴ ገባ። መህዲ ሁለቱን ሴቶች በየቀኑ እያየ መኖር አቃተው። አንዷ ጠዋት በሯ ላይ ቆማ ስድብ ትጠብቃለች፤ ሌላዋ ማታ ሻይ እየቀዳችለት ልጅቷ ከሳች ወይ ብላ ትጠይቀዋለች። አንድ ማታ እትዬ አምሳለ፣ ከመስከረም በፊት እኔም ብሞት ማን ይነግራታል አለችው። በቦቴው ሊያስገባት ተስማማ። ቢያዝ መንጃ ፈቃዱን ብቻ ሳይሆን እንጀራውንም እንደሚያጣ ያውቃል።

ለሚያምናቸው ያዦች፣ ለብሩክታይት መርዶ ሊነገር መሆኑን በሹክሹክታ ነገረ። መርዶ ያለ ሰው አይነገርም። አንዳንዶቹ እብደት ነው አሉ። አምባር ያሰሩ ሰዎች ተሰብስበው ባንድ ጊዜ ቢያለቅሱ፣ ያ የድሮዎቹ ማሽኖች ሥራ አይደለም ወይ? ሁሉም በአንድ ቅጽበት ቢለቁስ? የተናገሩት እውነት ነበር፤ ማንም አልተቃወማቸውም። በመጨረሻ ከያዦቹ ሁሉ የቆየው ሐሰን ዋበሪ፣ ሽማግሌው፣ ጢሙን እያሻሸ ተናገረ።

“ሰው አንድ ዓይነት አያለቅስም” አለ።

ጎሕ ሲቀድ የብሩክታይት በር ተንኳኳ። ስትከፍት ሰዎች ቆመዋል። ማንም ሰላም አላላትም። ገቡ፤ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ ጀሪካኑ ላይ ተቀመጡ። ያልበቃቸው ደጃፉ ላይ ቀሩ። እርስ በርስ ተያዩ። ከመካከላቸው ግራ እግሯን እየጎተተች እትዬ አምሳለ ወጣች። በቢጫው ላይ ጥቁሯን ደርባለች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። የልጅቷን ክንድ፣ አምባሩ ያለበትን፣ በሁለት እጇ ያዘች።

“ብሩክቴ፣ ይህን እንዳታወልቂ” አለች። “ምንም ቢሆን እንዳትለቂ። እኔ የማውቀውን ታውቂያለሽ።”

“እሺ።”

“አባትሽ ዐረፈ።”

ከብሩክታይት የወጣውን ድምፅ ራሷም አላወቀችውም። ሰዎቹ ከግራና ከቀኝ ያዟት። ሐሰን ዋበሪ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ የእስልምናውን ቃል በዝግታ ደገመ። አንዲት ከጎጃም የመጣች ያዥ፣ አይታው ለማታውቀው ሰው ሙሾ አወጣች። አንዱ ድምፅ ሳያወጣ እንባው ብቻ ወረደ። ሌላው የራሱን ሙት፣ በመስከረም በማጉያ የተነገረውን ወንድሙን፣ በስሙ እየጠራ ጮኸ። መህዲ ፊቱን ወደ በሩ መቃን አዙሮ ግንባሩን ደገፈ። ግድግዳው “እባክዎ ይረጋጉ፣ እባክዎ ይረጋጉ” ይል ነበር፤ የሰማው የለም።

ሜዳው ላይ አንዱ ተርባይን ዘገየ፣ ሌላው ፈጠነ፣ ሦስተኛው እንደ ሰከረ ሰው ተንገዳግዶ ተመለሰ። ትኩሳቱ በክንዶች ውስጥ ሽቅብ ወጣ። ጥያቄው መጣ፤ ልልቀቅ? ሰዎቹ እያለቀሱ ያዙ። ሙሾ የምታወጣዋ ዜማው ሲወርድ ሰጠች፣ ሲወጣ ያዘች። የጮኸው ሊለቅ ደርሶ ነበር፤ ዝም ብሎ የሚያለቅሰው ጎረቤቱ ጫናውን ተቀበለለት። በድሬዳዋ፣ በሐረር፣ በአዳማ መብራቱ ፈዘዘ። ገና ያልነቁ ሰዎች አላዩትም፤ የነቁት ቀና ብለው አምፖሉን ተመለከቱ። ፈዝዞ ቆየ፣ አልጠፋም፣ ተመለሰ።

ዶክተር ኅሩይ በፒጃማው ላይ ካፖርት ደርቦ እየሮጠ መጣ። መሮጥ እንደማይፈቀድ ረስቷል። ሰዎቹን ገፍቶ በሩ ላይ ደረሰና የሚናገረውን ለመናገር አፉን ከፈተ። በዚያ ቅጽበት ሐሰን ዋበሪ፣ ማን እንደመጣ እንኳ ቀና ብሎ ሳያይ፣ ተጠግቶ ቦታ ለቀቀለት። ለቅሶ ቤት ለገባ ሰው እንደሚደረገው።

ዶክተሩ ባዶውን ቦታ አየ። በዚህ አገር ለቅሶ ቤት ገብቶ ቆሞ ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው የለም፤ አንደበቱ እሺ አይለውም። ተቀመጠ። የተቀመጠ ሰው የሚለው ነገር አለና ሰዉ ሁሉ እሱን ይጠብቅ ነበር።

“እግዚአብሔር ያጽናሽ” አለ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

ብሩክታይት ሰማችው። አንገቷን ብቻ ዝቅ አደረገችለት። ከዚያ ወደ አክስቷ ዞራ፣ ከሐምሌ ጀምሮ ማንንም ልትጠይቀው ያልቻለችውን ጥያቄ መጠየቅ ጀመረች፤ ድምፅዋ አልቆ እየተቆራረጠ። ማን ነበር አጠገቡ? ምን በልቶ ነበር? ዓይኑን ማን ከደነው?

“ጠርቶኝ ነበር?” አለች በመጨረሻ።

እትዬ አምሳለ አጠገቧ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። የታመመ እግሯን በእጇ ስባ አስተካከለች።

“ጠርቶሻል” አለች። “ነይ፣ ጠጋ በይ፣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።”